ሮብ ስታርክን የገደለው ፍቅር ነው ወይስ ክብር?

ሰባ ደረጃ
እሁድ፣ ምሽት 3፡20

ስፖይለር አለበት። ጌም ኦፍ ትሮንስን (ከጆርጅ ማርቲን መጻሕፍት የተሠራውን ተከታታይ ፊልም) ገና እያያችሁ ከሆነ ከዚሁ ተመለሱ። እስካሁን ያላየ ካለ ማለቴ ነው።

ትናንት ፒያሳ አንድ ካፌ ነበርን። እኔና ሦስት የሰፈር ልጆች። ሰፈር ስል የድሮውን ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ አንዳችን ከአንዳችን የሁለት ታክሲ መንገድ ተራርቀናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በማኪያቶ ሰበብ እዚያው እንገናኛለን። ወሬው ከኳስ ወደ ፊልም ዞረ። አንዱ በሙሉ ልብ «ሮብ ስታርክን ፍቅር ነው የበላው፤ ያቺን ልጅ ባይወድ ኖሮ ማን ይችለው ነበር» አለ።

አፌን መያዝ አቃተኝ። «መጽሐፉ ላይ እኮ በፍቅር አይደለም ያገባት» አልኩ።

ሦስቱም እኩል ዞረው አዩኝ። ያቺን አስተያየት የምታውቋት ታውቋታላችሁ። አንዱ «ጀመረው!» አለ። አንዱ ስልኩን አወጣ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች። ሂሳብ ከፍለን ተለያየን፤ ክርክሩ ግን እኔ ጋ ቀረ። እዚህ ልጨርሰው።

ፊልሙ ላይ ወጣቱ የሰሜን ንጉሥ ሮብ ጦር ሜዳ ቁስለኛ የምታክም ቆንጆ ልጅ ያያል። ታሊሳ ትባላለች። ይወዳታል። ድልድይ ለመሻገር ብሎ ለድልድዩ ጌታ ለዋልደር ፍሬይ «ልጅህን አገባለሁ» ብሎ የገባውን ቃል አጥፎ እሷን ያገባል። ፍሬይም ሠርግ ቤት ጠርቶ ያርደዋል። ተመልካቹ ያለቅሳል፤ በሆዱ ግን «ምናለ ትንሽ ቢታገስ» ይላል።

መጽሐፉ ላይ ታሊሳ የምትባል ሰው የለችም። ያለችው ጄይን ዌስተርሊንግ ናት፤ የጠላት ወገን ልጅ። ሮብ የአባቷን ምሽግ ሲይዝ በቀስት ይቆስላል። እሷ ታስታምመዋለች። እዚያው እንዳለ መርዶ ይመጣል፦ ሁለቱ ትንንሽ ወንድሞችህ ተገድለዋል። ልጁ ራሱ ገና ጎረምሳ ነው፤ ፊልሙ ላይ እንዳለው ጎልማሳ አይምሰላችሁ። በዚያች ሌሊት ልጅቷ ታጽናናዋለች። የሆነው ሆነ። ሲነጋ አገባት። ለምን? ክብሯን ወስዶ ጥሏት ቢሄድ የኔድ ስታርክ ልጅ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ቃሉን ቢጠብቅ ልጅቷን ያዋርዳል። ልጅቷን ቢያከብር ቃሉን ይበላል። ደግሞ ከዲቃላ ወንድም ጋር አንድ ማዕድ ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ ጆን ስኖው ምን እየሰማ እንዳደገ አይቷል። ሌላ ዲቃላ ዓለም ላይ ጥሎ መሄድ የሚሆንለት አይመስለኝም። በአጭሩ የገደለው አባቱ ያስተማረው ነገር ነው። አባትየውንም አንገቱን ያስቆረጠው ያው ነው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ አንሥተው «ወደዳት» አሉ።

ልብ በሉ፣ መቀየሩ አይደለም የሚያናድደኝ። ስም ይቀየር። ሰው ይቀነስ። ሠርጉ ፊልሙም ላይ አለ። ቢላዋው አለ፣ ዘፈኑም አለ። የሆነው ነገር ሁሉ ሆኗል። የወሰዱብኝ «ለምን ሆነ» የሚለውን ነው።

ሦስተኛውን መጽሐፍ የገዛሁት ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። ሽፋን የለውም። ፊት ያሉት ገጾች ላይ ሻይ ፈስሶበታል። ከኔ በፊት ያነበበው ሰው የሠርጉ ምዕራፍ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «አይ!» ብሎ ጽፏል። በአማርኛ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ከሱ ጋር ግን ሌሊቱን ሙሉ እናወራ ነበር። አብሮ አደጎቼ ጋ አሥር ደቂቃ አልሞላልኝም።

ይሄ ነገር የሚያቃጥለው እኔን ብቻ ነው?


ሃርድ ዲስክ
እሁድ፣ ምሽት 3፡41

አዎ፣ አንተን ብቻ።

ወንድሜ፣ እኔ 73ቱንም ክፍል ጨርሻለሁ። አንድ ገጽ አላነበብኩም። እንቅልፌንም ለጥ ብዬ እተኛለሁ። እናንተ አንባቢዎች ራሳችሁ ላይ ነው ጣጣ የምታመጡት። ምግብ ቤት ገብቶ «እናቴ እንዲህ አይደለም የምትሠራው» እያለ ሰው እንደሚያሰለች እንግዳ ናችሁ። ሽሮ ነው። ብላ!

እኔ ትዝ የሚለኝ ሰኞ ጠዋት ነው። አሜሪካ እሁድ ማታ ሲታይ እዚህ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሥራ ሳልገባ ፍላሼን ይዤ ፊልም ቤት በር ላይ እቆማለሁ። ልጁ ዓይኑን እያሸ «ገና እየወረደ ነው» ይላል። ከኔ ሌላ አምስት ስድስት ሰው ፍላሽ ይዞ ይጠብቃል። አንዱ እንኳ ስለ መጽሐፍ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ማን ሞተ?»

በነገራችን ላይ «አይ!» ብሎ የጻፈው እኔ ነኝ።


ሰባ ደረጃ
እሁድ፣ ምሽት 3፡50

አንድ ገጽ ያላነበብክ ሰው ጠርዝ ላይ ጻፍክ? እሺ።

ሽሮውን እበላለሁ። «የእናትህ ሽሮ» ብሎ ካመጣልኝ ግን እጠይቃለሁ። የእናቴን ስም ጠርቷላ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስምንተኛው ሲዝን ሲያልቅም ለጥ ብለህ ተኛህ?


ሃርድ ዲስክ
እሁድ፣ ምሽት 3፡52

እሱን አታንሣብኝ።


አፍንጮ በር
እሁድ፣ ምሽት 3፡58

በፈረንጆች 2011 ተጀምሮ በእኛ ግንቦት 2011 አለቀ። ስምንት ዓመት ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ካላንደሩ ላይ ግን ዜሮ ዓመት ነው። መጨረሻውም እንደዚያው።


የለገሃሯ
እሁድ፣ ምሽት 4፡15

ሰባ ደረጃ፣ ብቻህን አይደለህም። እኔ የተቃጠልኩት ግን የጌም ኦፍ ትሮንስን ቅድመ ታሪክ በሚያሳየው በሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን ነው። እስካሁን አልወጣልኝም።

ፋየር ኤንድ ብላድ የሚባለው፣ በፈረንጆች 2018 የወጣው መጽሐፍ ላይ፣ ንግሥት ሄሌና ሦስት ልጆች አሏት። መንትዮቹ ጄሄሪስና ጄሄራ ወንድና ሴት ናቸው። ትንሹ ሜይሎር ነው። ሌሊት ሁለት ነፍሰ ገዳዮች ገብተው እናትየውን ከነልጆቿ ይይዟታል። ከሁለቱ ወንዶች አንዱን እንገድላለን፣ አንቺ ምረጪ ይሏታል። እኔን ግደሉኝ ትላለች። አይሆንም። ለምናም አልቅሳም አልሆነም። ሲያስፈራሯት ትንሹን ትጠራለች። ሜይሎርን። ሕፃን ስለሆነ አይገባውም ብላ ይሆናል። ማን ያውቃል፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያስብ ሰው አለ?

ሰዎቹ ለትንሹ እናትህ አንተን ነው የመረጠችው ብለው በጆሮው ነገሩት። ከዚያ ትልቁን ገድለው ሄዱ።

ሜይሎር ተረፈ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የሱን ፊት ማየት አቃታት።

ይሄን ያነበብኩት ስልኬ ላይ ነው፣ በአንድ እጄ፣ ልጄን እያጠባሁ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? «ዘንዶ ያለበት ልቦለድ አስለቀሰኝ» ልበል?

ፊልሙ ላይ ሜይሎር ጭራሽ አልተወለደም። ልጆቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ሰዎቹ ወንዱ የትኛው እንደሆነ መለየት ስላቃታቸው ይጠይቋታል፣ እሷም ታሳያቸዋለች። ይዘገንናል፣ አልክድም። ግን ልጇ የሞተባት እናት ብቻ ሆና ቀረች። መጽሐፉ ላይ ያለችው እኮ የሞተውን ቀብራ፣ አሳልፋ ከሰጠችው ልጇ ጋር አንድ ቤት የምትኖር እናት ናት። ይሄ ሌላ ሴትዮ ነው።

ደራሲው ራሱ ዝም አላለም። ጆርጅ ማርቲን በነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ብሎጉ ላይ በሜይሎር መቅረት ማዘኑን በዝርዝር ጻፈ። አንድ ሕፃን ስታወጣ ከሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ እየተመዘዘ ይመጣል ነው ነገሩ። ጽሑፉ ብዙም ሳይቆይ ከብሎጉ ጠፋ። የመጽሐፉ ባለቤት እንዲህ ከሆነ እኛማ።


ቡና ያለ ስኳር
እሁድ፣ ምሽት 4፡40

እኔም አንባቢ ነኝ። አምስቱንም ጨርሻለሁ። ግን ይሄ «መጽሐፉ ላይ እኮ» የምትሉት ነገር ሰለቸኝ።

የሮብ እህት አርያ ሃረንሃል ምሽግ ላይ ለታይዊን ላኒስተር ወይን ስትቀዳ ታስታውሳላችሁ? ሁለተኛው ሲዝን። ሽማግሌው ትንሿን ልጅ እያየ፣ እሷ የቤተሰቧን ገዳይ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በጨዋታ መሃል ማንነቷን ሊደርስበት ሲል የምትሸሽበት። ከመላው ፊልም ካስመረጣችሁኝ እሱን ነው የምመርጠው። መጽሐፉ ላይ የለም! መጽሐፉ ላይ ታይዊን እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ ልጅቷን ልብ አይላትም። በኋላ የምትቀዳው ለሩስ ቦልተን ነው።

መጀመሪያው ሲዝን ላይ ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሲ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ስለ ትዳራቸው የሚያወሩትስ? አንድ ገጽ የለም። ሁለት የተጣላ ባልና ሚስት፣ በየመሃሉ ደግሞ የሚሳሳቁ። የሰፈራችንን ባልና ሚስት ሁሉ አየሁባቸው።

ሲጨምሩ ጥሩ ከሆነ ዝም፣ ሲቀንሱ ጩኸት። ይሄ ፍርደ ገምድልነት ነው።


የለገሃሯ
እሁድ፣ ምሽት 4፡48

የአርያና የታይዊኑን እኔም እወደዋለሁ። ማን ይጠላዋል? ግን እየው፣ እዚያ ላይ አርያ አርያ ናት። ታይዊንም ታይዊን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቢገናኙ ኖሮ የሚያወሩት እንደዚያ ነበር። ሰዎቹን የሚያውቃቸው ሰው ነው የጻፈው።


ሰባ ደረጃ
እሁድ፣ ምሽት 4፡51

እኔም ልለው የፈለግሁት ይሄንኑ ነው። እሷ አሳጠረችው።


መንኮራኩር
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሜክሲኮ፣ ሰልፉ እስከ አደባባዩ ነው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ።

እናንተ ቢያንስ መጨረሻ አይታችኋል። መጥፎ መጨረሻ መጨረሻ ነው። እኔ የዊል ኦፍ ታይም ሰው ነኝ። 14 መጻሕፍት። የመጀመሪያው በፈረንጆች 1990 የወጣ፣ የመጨረሻው 2013። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን በ2007 ሲሞት አልጨረሰውም ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብራንደን ሳንደርሰን ነው ማስታወሻውን ተከትሎ የጨረሰለት። ደራሲ ሞቶበት እንኳ መጽሐፉ አለቀ!

አማዞን በ2021 ፊልሙን ጀመረ። መጀመሪያው ክፍል ላይ ምን አየሁ? ፔሪን ሚስት አለው። መጽሐፉ ሲጀምር ያላገባ ልጅ ነው። ሚስት ሰጡት፣ በዚያው ክፍል ላይ በውጊያው ግርግር በራሱ መጥረቢያ እሷኑ በስህተት እንዲገድል አደረጉት። ለምን? ኀይል እንዲፈራ ምክንያት ለመስጠት። መጽሐፉ ላይ ፔሪን የሚፈራው ትልቅ ሰውነት ስላለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው እንዳይጎዳ ተጠንቅቆ ስላደገ ነው። በቃ። ገራም ግዙፍ ልጅ። ሁላችንም እንዲህ ያለ ልጅ እናውቃለን፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሰው እንዳይመታ ብሎ በረኛ የሚሆነው። ለሱ የሞተች ሚስት አያስፈልገውም።

እናም ተናደድኩ። አንደኛውን ሲዝን ተሳደብኩ። ሁለተኛውን እያጉረመረምኩ አየሁ። ሦስተኛው ላይ ጥሩ ሆነ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በ2025 ግንቦት አካባቢ ተሰረዘ። ከ14 መጻሕፍት አራተኛው ላይ ደርሰው ነበር።

አሁን የማስበው ምን መሰላችሁ? ያን ሁሉ ባልሳደብ ኖሮ እላለሁ። የኔ ስድብ አማዞንን አይነካውም፣ አውቃለሁ። ግን እላለሁ።

ታክሲ መጣ።


አዲስ ገቢ
ሰኞ፣ ረፋድ 4፡05

ሁለቱንም አልጀመርኩም። መጽሐፉን ላስቀድም ወይስ ፊልሙን?


ሃርድ ዲስክ
ሰኞ፣ ረፋድ 4፡06

ፊልሙን። ከዚያ አትናደድም።


ቡና ያለ ስኳር
ሰኞ፣ ረፋድ 4፡20

ፊልሙን እስከ አራተኛው ሲዝን። ከዚያ መጽሐፉን። አምስተኛውን ሲዝን እንዳላየህ ሁን።


ትዕይንት 12
ሰኞ፣ ቀን 7፡10

ምሳ ሰዓቴ ነው፣ ልግባ። ማን እንደሆንኩ አልናገርም። እዚሁ አዲስ አበባ ለቴሌቪዥን ድራማ እጽፋለሁ። ስለዚህ እናንተ የምትረግሙት ወገን ነኝ።

መጽሐፍ ላይ «ጠረጠረችው» ብለህ ትጽፋለህ። አለቀ። ካሜራ ግን ጥርጣሬ አይታየውም፤ ፊት ነው የሚታየው። የማርቲን መጻሕፍት ደግሞ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚሄደው። ያ ሰው የሚያስበውን ለማሳየት የሚያናግረው ሰው መፍጠር አለብህ። ቡና ያለ ስኳር የወደደው የአርያና የታይዊን ጨዋታ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። የሮብና የታሊሳም እንደዚያው። ሮብ እንዲያውም መጽሐፉ ላይ የራሱ ምዕራፍ የለውም፤ ጄይንን ማግባቱን የምንሰማው ከእናቱ ጋር ሆነን ነው፣ ከሆነ በኋላ። ያንን ለተመልካች እንዴት ታሳየዋለህ? በር ከፍቶ ገብቶ «እማዬ፣ አግብቻለሁ» ይበል?

የለገሃሯ፣ ስለ ሕፃኑ ሜይሎር ልንገርሽ። ማርቲን ያኔ እንደጻፈው፣ ለመቅረቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በጣም ትንሽ ልጅ ይዞ መቅረፅ ሥራ ያጓትታል፣ ወጪም ያመጣል የሚል ነበር። እሱ መጀመሪያ ተቃውሞ በኋላ እሺ ብሎ ነበር። እኔማ ገባኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየነው ቤት አንድ ትዕይንት ነበረን፤ ሕፃኑ አያቱን አይቶ ይስቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጠበቅነው። ጥርስ የሌለው ሕፃን ነው፣ አንዴ ፈገግ ቢል ምን ነበረበት? አልሳቀም። መብራት ያዡ ዘፈነለት። ዳይሬክተሩ እንደ ፍየል ጮኸለት። በመጨረሻ ስክሪፕቱን እዚያው ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ «ሕፃኑ አያቱን አይቶ ያለቅሳል» ብዬ ቀየርኩት። ታሪኩም ተቀየረ። አያትየው ክፉ ሆኑ። ተመልካች «አያትየው ላይ የጻፍከው ነገር ጥልቀት አለው» አለኝ።

ሌላ ጊዜ አንዱ ዋና ተዋናያችን ቪዛ ወጣለትና ሄደ። ገጸ ባሕሪውን ለሥራ ጅማ ላክነው። እስካሁን ጅማ ነው።

ይሄን ስል ግን ሰባ ደረጃ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምርለት። አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው ፊልሙ በጀመረ በሦስት ወሩ ነው፣ በፈረንጆች ሐምሌ 2011። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ስለዚህ ፊልሙ መጽሐፉን ደርሶ አለፈው። ማርቲን ዋና ዋና መድረሻዎቹን ለጸሐፊዎቹ ነግሯቸዋል። መንገዱን ግን ማንም አልጻፈውም። እንደ ጸሐፊ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። «ባለ ዘንዶዋ ዴነሪስ ከተማዋን ታቃጥላለች» የሚል ወረቀት እጅህ ላይ አለ። እንዴት እዚያ እንደምትደርስ አንተ ፈልግ ነው። ለመፈለግ ደግሞ ጊዜ ያስፈልግሃል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች አሥር አሥር ክፍል ናቸው። ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት። ሥራው ሲከብድ ክፍሉ አነሰ። ማሳጠሩን የፈለጉት ደግሞ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አሠሪው ጣቢያ ኤችቢኦ ከዚያ በላይ ቢሠሩ አይጠላም ነበር። እኔ ብሆን... ተዉት፣ ለኔ ማንም ክፍል ጨምር ብሎኝ አያውቅም።


ሃርድ ዲስክ
ሰኞ፣ ቀን 7፡35

ጅማ ላለው ሰውዬ ሰላም በልልን።

እና ስለ ጊዜው እውነት ነው። መጀመሪያው ሲዝን ላይ ንጉሡ ወደ ሰሜን ሲመጣ አንድ ወር መንገድ ላይ ነበርን ብለው ያማርራሉ። ሰባተኛው ላይ ሰዎቹ በረዶ ላይ ይከበባሉ፣ አንዱ ልጅ ሮጦ መልእክት ያደርሳል፣ ቁራው በሮ ደቡብ ይደርሳል፣ ዴነሪስ ዘንዶ ጭና ትመጣለች፣ ሰዎቹ ገና በረዶው ላይ ቆመው ይጠብቋታል። መንኮራኩር ዛሬ ጠዋት ታክሲ ከጠበቀው አይበልጥም።

መጽሐፍ ሳላነብ ይሄ እንዳናደደኝ አምናለሁ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ስምንተኛው ሲዝን እንደገና ይሠራ ብሎ በኢንተርኔት ሲፈርም እኔም አንዱ ነበርኩ። ፈርሜ ስወጣ አፈርኩ። ትልቅ ሰውዬ።


ጋሽ ሬዲዮ
ሰኞ፣ ምሽት 2፡00

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምታወሩትን ፊልም አላየሁትም። የልጅ ልጄ ናት ይህን ያነበበችልኝ፤ የምለውንም የምትጽፈው እሷ ናት። ነገሩ ግን ገብቶኛል።

ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ነው። እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት ግን አንብቤ ሳይሆን ሰምቼ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረው ቤታችን ሬዲዮ ነበረች። ጎረቤት ይሰበሰባል። የሚፈትል ይፈትላል፣ ቡና ይቆላል። ትረካው ሲጀመር ግን ስኒ የሚያጋጭ ወዮለት። ጉዱ ካሳ ሲናገር አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ እናቴ «ሂዱ ወዲያ!» ትላለች። ለሬዲዮዋ።

በኋላ መጽሐፉን ገዝቼ ሳነብ የሚያነብልኝ የወጋየሁ ድምፅ ነው። እስከ ዛሬ። አልተቆጣሁትም፤ ምክንያቱም ፊት አላሳየኝም። የሰብለ ወንጌልን መልክ ለየራሳችን ተወልን። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ተከራከርን። እሷ ሰብለን በአንዲት የጎረቤት ልጅ መስላታለች። እኔ ደግሞ በሌላ ልጅ፣ በማልናገራት። እናቴ ግን ገባት መሰለኝ ሳቀች።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። በዛብህን ያሰረው የፊታውራሪ ኩራት ብቻ አይደለም። አባቱ ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ ገና ነፍስ ሳያውቅ ለእግዚአብሔር ብፅአት አድርገውታል። ልጁ እሱ ያልተሳለውን ስለት ተሸክሞ ነው ያደገው። ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው የሷ አባት ብቻ አይደለም፣ የገዛ ወላጆቹ ቃልም ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን ቢያወጣውና የድሃ ልጅ የጌታ ልጅ ወደደ ብቻ ቢያደርገው፣ ማንኩሳ ሄዶ ቢቀርፅ፣ ቀሚሱን ካባውን ቢያሳምር፣ ስሙን ሁሉ በትክክል ቢጠራ፣ ለኔ ያ ልጅ በዛብህ አይደለም።

ይህንን ነው የምትሉት መሰለኝ።


ሰባ ደረጃ
ሰኞ፣ ምሽት 2፡25

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎ እስኪጽፉ ድረስ ሮብንና በዛብህን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም። ሁለቱም በወላጆቻቸው ነገር ነው የታሰሩት። ይሄን ቅዳሜ ዕለት ይዤው ቢሆን ካፌ ውስጥ አይስቁብኝም ነበር።

ትዕይንት 12፣ አንተም ግማሽ ንዴቴን ወስደህብኛል። የታሊሳ ነገር የመጣው ከካሜራው እንደሆነ አላሰብኩትም ነበር። ግን ግማሹ አለ። ልጅቷ ትምጣ፣ ታሊሳ ትባል፣ ቁስለኛ ታክም። መርዶውንና ያቺን ሌሊት ቢተዉልኝ ምን ነበር? ለሱ ካሜራ አይከብደውም። አንድ ክፍል፣ አንድ ሻማ፣ ሁለት ልጆች።


ትዕይንት 12
ሰኞ፣ ምሽት 2፡40

እውነትህን ነው። እሱ ርካሽ ትዕይንት ነው። በግማሽ ቀን እቀርፀዋለሁ።


ቡና ያለ ስኳር
ሰኞ፣ ምሽት 2፡44

እኔ አሁንም ፍርደ ገምድሎች ናችሁ ባይ ነኝ። የጋሼን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጋሼ፣ ያቺ ልጅ በመጨረሻ ምን ሆነች?


ጋሽ ሬዲዮ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡05

የልጅ ልጁ ነኝ። አያቴ ተኝቷል። ስጠይቀው ግን «አያትሽን ጠይቂ» አለኝ። አያቴ ደግሞ ኩሽና ሆና እየሰማች ነበር። ምንም አላለችም። ሻይ ልጣድ አለች።


ሃርድ ዲስክ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡30

በቃ ተሸነፍኩ። ሰባ ደረጃ፣ ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ እጅህ ላይ አለ? እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ያንን ሠርግ ብቻ ላንብበው።


ሰባ ደረጃ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡38

ሠርጉን ብቻ አይሆንም። እናትየው ሮብ ማግባቱን ከምትሰማበት ትጀምራለህ።

ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ ፒያሳ፣ ካፌው እዚያው ነው፣ በውስጥ እጽፍልሃለሁ። ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለህ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከኔ ወገን ይኑር። ገጽ እንዳታጥፍ። ሻይም አርቅልኝ፣ የመጀመሪያው ሰውዬ የበቃውን አድርጓል። ጠርዙ ላይ መጻፍ ግን ይቻላል። በእርሳስ።